ቅሪት

ሜትሬን ዘረጋሁ፤ ገረመው ጫፉን ያዘልኝ፤
"ሻንሲው መሐሉ ላይ ስድስት ጣት ጎብጧል" አለኝ።
እኔ ጣት አልጽፍም፤ አሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር፤
ቅጹ ስንዝር አያውቅ፣ ክንድም አይቆጥር።

ደብረ ሲና ነን፤ ከመናኸሪያው በታች፣ የገረመው ጋራዥ፤
ጉም በበሩ ይገባል እንደ አሮጌ ተመላላሽ።
አይሱዙዋ ቆማለች፣ አፍንጫዋ ተጨፍልቆ፣
ጋቢናዋ ተገፍቶ፣ ከጭነቷ ጋር ተጣብቆ፤
በካሶኔዋ ስንጥቅ አንድ ባቄላ ተቀርቅሮ
ሦስት ሳምንት ዝናብ ጠጥቶ፣ ወጣ ጆሮውን ቀስሮ።

ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ ቶሎ አልመልስም፤ አፍራለሁ፤
የተሰበረ ነገር ስንት እንደቀረው እቆጥራለሁ።

መጀመሪያ ጥገናው፦
ጋቢና፣ ራዲያተር፣ የፊት አክስል፣ የመሪ ሳጥን፣
ብየዳው፣ ቀለሙ፣ መዶሻው የሚወቅጥበትን ቀን።
መለዋወጫውን ደግሞ ደውዬ መርካቶ፣
ጠዋት የነገሩኝ ዋጋ ከሰዓት በኋላ ተነስቶ።
ከዚያ ውሉ ላይ የሰፈረው፣ መድን የተገባበት ዋጋ፤
ከዚያ ቅሪቷ፤ ብረቱን
ስንት ይለዋል ቆራሌው ሲጠጋ።

በእኛ መሥሪያ ቤት ደንብ፣ ጥገናው ከመድኑ ዋጋ
ከመቶ ሰባ አምስቱን አንዴ ከዘለለ፣
አይጠገንም ተባለ።
"ሙሉ ውድመት" ነው ስሙ። በእርሳስ እጽፈዋለሁ፤
ባለቤት ፊት ሳነበው ድምፄን እቀንሰዋለሁ።

አሰገደች መጣች፣ ሰነዷን በፌስታል ይዛ፤
አራት ዓመት አድሳለች፣ በገዛችበት ዋጋ፣ ሳታበዛ።
"መኪና ሲያረጅ ዋጋው የሚወርድ መስሎኝ ነበር።
ለካ በእኛ አገር ያረጀ ነው የሚወደድ" አለችና ዝም።
የቱን መወደድ እንደሆነ እኔም አልጠየቅኋትም።

እንዲህ ያለች አይሱዙ ዛሬ ገበያ ብትወጣ
የውሉን ሁለት እጥፍ ታወጣለች፤
ለገበያው ብትጠገን ታዋጣለች፣
ለውሉ ግን ሞታለች።

"ይነሳል" አለ ገረመው። "ሁለት ወር፣ ጃክና እሳት።"
ይነሳል፤ አውቃለሁ። ግን ብረት የለውም መርሳት፤
የታጠፈበትን ያውቃል፤ አርባ ኩንታል ጭኖ
ጣርማበርን ሲወርድ፣ እዚያችው ላይ ይታጠፋል ደግሞ።

ምንተስኖት ጎማ ላይ ተቀምጧል፣ ክንዱ በጄሶ ታስሮ።
"ፍሬኑ እንቢ ሲለኝ" አለ፣ ጫማውን እያየ፣ አቀርቅሮ፣
"ከፊቴ ሚኒባስ ነበር። በአንድ በኩል ገደሉ፣ በአንድ በኩል ዓለቱ።
ዓለቱን መረጥኩ።"
"የአደጋው መንስኤ" የሚለው ሦስት መስመር ነው ስፋቱ፤
"ፍሬን" ብዬ ጻፍኩበት።
ሁለት መስመር ባዶ ቀረ።

አሰገደች አላለቀሰችም። መኪናዋን አንዴ ዞራ፣
"ቅሪቱን እኔ ብወስደውስ?" አለች፣ እጇን በነጠላዋ አብሳ።
"ከሚከፈልዎት ይቀነሳል።" ሒሳብ ማሽኔን ሳላወጣ
ተደምሮ ተቀንሶ ልኩ ከአፏ ወጣ።
"መዘዞ ወፍጮ አለኝ፤ ሞተሩ ከተቃጠለ ዓመቱ።
የዚችኛዋ ጤነኛ ከሆነ፣ ገብስ እየፈጨ
ቀስ በቀስ ይካሰኛል ጉዳቱ።"
ከዚያ ወደ ገረመው፦ "ጤነኛ ነው ወይ?"

እሱም ከሌላ መኪና ባትሪ ገመድ ሳበ፣
በተጨፈለቀው በር እጁን አሾልኮ ቁልፉን አዞረ።
እኔ ቅጹን ካሶኔዋ ላይ አስደግፌ
"ሙሉ ውድመት" እያልኩ ነበር፣ አሁን በእስክሪብቶ።

አንዴ ሳለች። ደገመች።
ተነሳች።

ጭሷ ወጥቶ ከጉሙ ተቀላቀለ፤
የባቄላው ጆሮ ተንቀጠቀጠ፣
ወረቀቱም ከእጄ ሥር።
ፊርማዬ ጎበጠ፤
በስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ
አልለካሁትም።