ታኮ

በቲዮሪ ፈተና ማንም አልደረሰብኝ፤
ደሴ ሆስፒታል ግን አንድ ሹፌር ዝም አለብኝ።

ዶሮ መዝለያ ላይ፣ ፍሬን የከዳው ቀን፣
ረዳቱ ታኮ ይዞ ወርዶ እንደቀረ
ካርዱ ላይ ተጽፏል፤ እሱ ግን አልተናገረ።
«እንቅልፍስ?» አልኩት። «ምግብስ?» «ቅዠትስ?»
ጦሳ በመስኮቱ ጉም ለብሶ ሲያወልቅ፣ እሱ ጣቱን ቆጠረ።

ማታ ዘቢደር፣ አሠልጣኜ፣ በቀይ እስክሪብቶ፦
«አሥራ ሰባት ጊዜ ጠየቅሽ፤ አንዴም አልጠበቅሽ።»

በሳምንቱ ተመለሰ። ጥያቄዬን ዋጥኩት፤
የግድግዳውን ሰዓት እርምጃ አዳመጥኩት።
ሠላሳ ደቂቃ። በኮሪደሩ ቃሬዛ አለፈ።
ከባድ ማርሽ እንደሚቀይር ጉሮሮውን ጠረገ፤
«ስሙ ሙሄ ነበር» አለኝ።
«ታኮውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።»

ይሄ ካርዱ ላይ የለም።
እስክሪብቶዬን ከደንኩ፤
ታኮ እንደገባለት ጎማ ባለሁበት ቆምኩ።