የተፋቀ ቁጥር

ሊፍቱ ቆሟል ብለው ደወሉልኝ ማታ፣
ከስታዲየም ጀርባ፣ ከጫማ ቤቶቹ ተርታ።
ጠዋት ብሄድ፣ አራትና አምስት ፎቅ መካከል ተሰቅሎ፣
ወደ ላይም እንቢ፣ ወደ ታችም ብሎ፣
በሩን ገርበብ አርጎ፣ አንድ ዓይኑን ከፍቶ፣
እንዳኮረፈ ሰው አገኘሁት ተጎልቶ።

የደም ምርመራው ቤት ስድስተኛ ላይ ነው፤
እማማ ዘውድነሽ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው፣
ጫማ አውልቀው፣ ጉልበት ይዘው፣
«ይሄን ያበላሸው ማነው?»
አሉኝ። እኔ ምን አውቄ።
አለፍኳቸው ትከሻዬን ሰብቄ።

ጣሪያ ላይ ነው የሞተሩ ክፍል።
ከዚያ ቁልቁል ባቡሩ በድልድዩ ላይ ሲያልፍ፣
ከለገሃር የሚመጣው ታክሲ ጥሩምባውን ሲለቅ ይታያል።
«ወራጅ አለ» የሚል ድምፅ ከውስጥ ይሰማል፤
ሚኒባሱ የማንም ይሁን፣ ይቆማል።
ሁለት ቃል ናት። ማንም አልሸጣት፣
ማንም በስሙ አላስመዘገባት፣
ሳሪስም ሽሮሜዳም ያው ናት።

ሣጥኑን ፈታሁት። አቧራ፣ የበረሮ ክንፍ፣
መሀሉ ላይ አንድ ቺፕ፣
ጀርባው በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ፣
ስሙ የጠፋ፣ ቁጥሩ የደቀቀ፣
መታወቂያውን እንደነጠቁት ሰው።
ረገምኩ። ምን ዓይነት ፍጡር ነው
የዕቃን ስም ፍቆ የሚሄድ፣
በሰው ጨለማ የሚነግድ?

ጋሽ ይርጉ ትዝ አሉኝ፣ አስተማሪዬ፣ ነፍሳቸውን ይማር፤
የሊፍትን ሥራ በአማርኛ ጽፈው ነበር፣ ሰባ ገጽ።
በዚያ ዘመን በየኮምፒውተሩ ሌላ ፊደል፣
የአንዱ «ሀ» ለሌላው ባዶ ሣጥን።
ፍሎፒው እኔ ጋ ነው። ያስከፈትኩት ዕለት
ሰባ ገጽ ሣጥን፣
ሰባ ገጽ ዝምታ።
አንዳንዴ ቃላቸውን ልገምት እሞክራለሁ፤
«ደረጃ» ይሁን «አደራ» በምን ይለያል?
ሁለቱም ሦስት ሣጥን ናቸው።

የእጅ መብራቴን ጠጋ አደረግኩት።
ቦርዱ ጥግ ላይ አንዲት ነጥብ፣ ሰማያዊ፣ የጥፍር ቀለም።
አውቃታለሁ።
ከእህቴ ከማዕዶት ዕቃ ሰርቄ የምቀባት፣
«ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ» የምልባት።
ዘጠኝ ዓመት ይሆናል።
ደንበኛ እንዳይሸሸኝ፣
ሌላ ሠራተኛ እንዳይተካኝ፣
ቁጥሩን በእጄ ፍቄ በልቤ ይዤው ነበር፤
ልብም ይኸውና፣ ረሳው።

ተቀመጥኩ፣ የብሎን ቆርቆሮ ላይ።
ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ እንጃ።
ከዚያ ሽቦውን አንድ በአንድ እየነካሁ፣
የትኛው ከየትኛው እንደሚነጋገር ጻፍኩ፤
አሮጌውን ነቅዬ
ንድፉ ለማንም ክፍት የሆነ ቦርድ ተከልኩ፣
ሶኬቱ ከየትኛውም ሱቅ የሚገኝ፣
የይለፍ ቃል የማይጠይቅ።

የሕንፃው ኃላፊ አቶ ባዩ ከበሩ ላይ ሆነው፣
«ቆልፈው እንጂ» አሉኝ፣ «ሌላ ሰው ገብቶ ቢነካውስ?
ደግሞ አንተ ከምን ልትበላ ነው?»
የመጨረሻዋ እውነት ናት። መልስ አልነበረኝም።
ሣጥኑ በር ውስጥ ወረቀት ለጠፍኩ፣ በእጅ ጽሑፍ፦
ቀዩ ሃያ አራት ቮልት።
አረንጓዴው የበር።
ፊውዙ ሁለት አምፔር፣ ከዚያ በላይ እንዳታስገባ።
አምስተኛ ፎቅ ሲደርስ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ
አልገባኝም፤ ከገባህ እዚህ ታች ጻፍልኝ።
ታች ሰፊ ቦታ ተውኩለት።

አመሻሹ ላይ እማማ ዘውድነሽ
ውጤታቸውን በፖስታ ይዘው መጡ፤
አብረን ገባን። ቁጥሮቹ በራ ጠፋ አሉ፣
አምስት ላይ ተንቀጠቀጠ፣
ክንዴን ያዙኝ።
«ታወቀ ታዲያ፣ ማን እንደነበረ?»
«ታወቀ» አልኳቸው።
ሁለት፣ አንድ፤
ስሙን ከመጥራቴ በፊት
በሩ ቀደመኝ፣ ተከፈተ።