እሳት የማይነካው

ሶፋው የመጣ ለት ጥር አጋማሽ ነበር፤
ጎተንበርግ በረዶ፣ ወንዙ እንደ ብረት በር።
እኔና የዕቃ መኪናው ሹፌር
አራት ፎቅ ተሸክመን ወጣን፣
በየመታጠፊያው ቁጭ እያደረግን።

ግራጫ ነው። ሲቀመጡበት ይውጣል።
ከሆዱ ሥር አንዲት ነጭ ጨርቅ ተሰፍታ
«እሳት አይነካውም» ትላለች።
እሳት ያልደፈረውን ማን ይደፍረዋል ብዬ
ለትርሲት በስልክ ነገርኳት፣ እየሳቅሁ።

ቤቱ አዲስ አዲስ ሸተተ።
መጀመሪያ ይጣፍጣል፤ ሙጫ ሙጫ፣ ቀለም ቀለም፣
ከዚያ ምላስ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ አይነሳም።
ቁም ሣጥኑም አለ፦ ሰጋቱራ በሙጫ ተለንቅጦ
የእንጨት ፎቶግራፍ የተለጠፈበት።
መስኮቱ ሦስት መስተዋት ነው፣
ሙቀት እንዳይወጣ አገር ምድሩ ታሽጓል፤
ሙቀት ካልወጣ ደግሞ ሌላውም አይወጣም።
ልጃችንን ናርዶስ ብለናት ነበር፣ ሽቱ ስንል፤
ሽቱዬ ከሽታው መሐል ተኛች።

ጉንቮር የታችኛዋ ጎረቤት፣
የልብስ ማጠቢያውን ክፍል ቁልፍ ልትሰጠኝ መጥታ
ደፉ ላይ ቆመች። አልገባችም።
አፍንጫዋን ቀና አድርጋ፣ «ስፖንጅ» አለች።
«ሃያ ሁለት ዓመት ሰፍቼዋለሁ፤
ማታ ልብሴን ሳወልቅ ዱቄቱ ከብብቴ ይራገፍ ነበር።»
ሻርፏን ዝቅ አደረገችና
የተሰፋ አፍ የሚመስል ጠባሳ አሳየችኝ።
እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ስንል የኖርነው
ተረት ብቻ መስሎኝ ነበር።

«ከዚያ ነው?» አልኳት።
«ማን ያውቃል። ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀ።
ድመቴም እንደዚሁ፤
ሶፋው ላይ ጠጉሯን ስትልስ ትውላለች፣
ትበላለች፣ ትከሳለች፣
እየበላች አለቀች።»
ከዚያ እንደ አገሩ ወግ ስለ አየሩ አወራን።

ያን ሌሊት በስልኬ መብራት ከሶፋው ሥር ገባሁ።
አቧራ ድሮም አለ፤ አብሮን ያደገ ነው።
ይሄኛው ግን ከአፈር አልመጣም፣
ወደ አፈርም አይመለስም።

ናርዶስ ዘጠኝ ወሯ ነው፣ በዳዴ ላይ ናት፤
የነካችውን ትቀምሳለች፣
ዓለምን የምታውቅበት ሌላ መንገድ የላትም።
ጣቶቿን አጠብኩ። በማግስቱም አጠብኩ።
በቀን ስድስቴ፣ ቆዳዋ እስኪሰነጠቅ።

መስኮቱን ከፈትኩት፤ ከዜሮ በታች አሥራ አንድ።
ትርሲት ከሥራ ገብታ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች፣
«ምረጥ» አለችኝ፣ «ወይ በብርድ ወይ በሽታ።»
ሸ ላይ ይጥበቅ ይላላ፣ አልለየሁትም፤
ጥርሷ እየተንገጫገጨ ነበር።

ቅዳሜ ሶፋውን አውርደን ቆሻሻው አጠገብ አቆምነው፤
የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ሰኞ ነው የሚመጣው።
እንዲጠነቀቁ ልጽፍበት እስክሪብቶ ይዤ ቆምኩ።
ምን ብዬ?
ለተጣለ ዕቃ የማውቀው የስዊድን ቃል «አሮጌ» ነው፣
እሱ ደግሞ አሮጌ አይደለም።
እስክሪብቶውም በብርዱ አልጽፍ አለ።

ማምሻውን በመስኮት ሁለት ልጆች አየሁ፤
ተማሪዎች ናቸው፣ ቢበዛ ሃያ።
ልጅቷ ቁጭ አለች፣ ነጠር ነጠር አለች፣
ከዚያ በቁመቷ ተዘረጋችና ጉንጯን አሳረፈችበት፤
ዓይኗን ጨፈነች።

«ተዉት! አይሆንም!» አልኩ፤
ለካ በአማርኛ ነው የጮህኩት።
ቀና ብለው አዩኝ፣ እጃቸውን አውለበለቡልኝ፣
የምመርቃቸው መስሏቸው።

ጫማዬን ሳላስር አራት ፎቅ ወረድኩ።
በረዶው ላይ የሁለት ሰው ዱካ አለ፣
በየሃያ እርምጃው ያረፉበት አራት ትንንሽ ጉድጓድ፣
ራቅ ብሎም፣ ከመንገዱ መብራት ሥር፣
ተቀዳ የወደቀች ነጭ ጨርቅ፦
እሳት አይነካውም።