ሳይጠሩት አቤት

ቤቱ የእንጨት ነው፤ መቶ ዓመት አልፎታል፤
ከዳውጋቫ ማዶ አንድ ዛፍ ደግፎታል።
እኔ ፎቁ ላይ ነኝ። ከሥሬ ወይዘሮ ስካይድሪቴ አለች፤
ደረጃ ላይ «እንደምን ዋሉ» ስላት አንገቷን ነቅንቃ ታልፋለች።
ኩራት ነው ብዬ ተውኳት።

ሠላሳ አንድ ዓመት የመርከብ ሞተር ጠግኜ፣
ጡረታ ስገባ፣ የቀረኝን ጆሮ አምኜ፣
ሁለት ድምፅ ማጉያ ገዛሁ፣ እንደ ቁም ሣጥን የገዘፉ፤
ሸክላዎቹማ ነበሩ፣ ከአባቴ የተረፉ።

ቼሎው መልካም ነው። ኮንትራባሱ ግን ሲገባ፣
ጉም እንደዋጠው ጀልባ
ቅርፁ ይጠፋል።
ጣውላው ያጉረመርማል፣ መስኮቱ ይመልሳል፣
የብረት ምድጃው ሳይቀር እንደ ሽማግሌ ያነጥሳል።
ሳይጠሩት አቤት የሚል፣ ያ ወለል ነው ጉዱ፤
አራት ሰው ይጫወታል፣ አምስተኛው እሱ፣ ማንም ሳይጠይቅ ፈቃዱ።

መጀመሪያ ድንጋይ አነጠፍኩ፣ ከመቃብር ጠራቢ የተረፈ፣
የሟቹ ስም ላይ አንዲት ፊደል ተሳስታ ዋጋው የረገፈ።
ክብደት ብቻውን አፍ አይዘጋም።
ቀጥሎ አራት የቴኒስ ኳስ ለሁለት ሰንጥቄ
ስምንት ግማሽ ጨረቃ ከሥራቸው ደብቄ፣
ማጉያዎቹ ተወላገዱ እንደ ሰከሩ መርከበኞች፤
ድመቷ አልጋ ሥር ገባች፣ ሳቁብኝ ጓደኞች።

ኋላ ትዝ አለኝ። መርከብ ላይ፣ ከሞተሩ እግር ሥር፣
አውራ ጣት የሚያክል ጎማ ነበር፣ ብረት ከብረት እንዳይተሳሰር።
ብረት ብረት ላይ ከቆመ ካፒቴኑ በሌሊት ከአልጋው ይወጣል፤
ጎማ ግን፣ ታጋሽ ምራት ይመስል፣ የሰማውን ሁሉ ይውጣል።
ስምንት ፍሬ ከወደቡ ዕቃ ሻጭ ገዛሁ፤
ክብደት ለክቼ፣ ውኃ ልክ ይዤ፣ በሆዴ ተኛሁ።

መሸ። መርፌውን አወረድኩ።

እንዴት ልበላችሁ!
ኮንትራባሱ እግር አወጣ። ጣት አወጣ።
ጅማቱን ሲስብ የተጫዋቹ ትንፋሽ አብሮት መጣ።
በሁለት ኖታ መካከል ዝም የሚል ቦታ ነበረ፤
ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ወለሌ እዚያ ሲያወራ ነው የኖረ።
መዳፌን ጣውላው ላይ አኖርኩ፤ ቀዝቃዛ፣ ጭጭ ያለ፣
ምንም እንዳልሰማ፣ የትም እንዳልዋለ።

ሦስት ሳምንት ደስታዬን ብቻዬን በላሁ።
በአራተኛው ሐሙስ በር ተንኳኳ።
ስካይድሪቴ ናት። በእጇ ትንሽ ደብተር፣
«ታመው ነበር?» የምትል በእርሳስ አንዲት መስመር።
«ኧረ ደኅና ነኝ» አልኩ። ጆሮዋን በጣቷ ነካች፣
ራሷን ነቀነቀች፣ ገጹን ገለበጠች፦

«ማጅራት ገትር። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።
ሐሙስ ማታ አልጋዬን ከምሰሶው አስጠጋለሁ፣
መዳፌን እንጨቱ ላይ አደርጋለሁ።
ከላይ የሚወርደውን ሁሉ ለይቼ አውቀዋለሁ፤
ያን ቀስ ብሎ የሚራመደውን ሰውዬ እወደዋለሁ።
ከጠፋ ሦስት ሳምንቱ። ሞተው እንደሆነ ብዬ መጣሁ።»

አፍሬ ወለሉን አየሁ። ለካ አቤት፣ አቤት ማለቱ
ጠሪ ነበረው ከታች፣ በየሐሙስ ሌሊቱ።

አሁን ስድስቱን ቀን ማጉያዎቼ ጎማቸው ላይ ናቸው፤
ኮንትራባሱ ጣት አለው፣ ዝምታው ንጹሕ ነው።
ሐሙስ ሲመሽ ግን ጎንበስ እላለሁ፣ ወገቤ እያቃሰተ፣
የግራውን አንሥቼ ባዶ ጣውላ ላይ አቆመዋለሁ፣ እንደ ድሮው፣ እንደሸመገለ።
መስኮቱ ይጀምራል። ምድጃው ይከተላል።
ድምፁ? ድምፁማ ይበላሻል።
ከታች በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ሁለቴ ትመታለች፤
ሌላ ቤት «ቀንስ!» ማለት ነው። እሷ «ጨምር» ትላለች።