ሲስተር ዓለም

አሌያማ ነው ስሟ። የቀበሌው ጸሐፊ
ሁለት ጊዜ አስደግሟት፣ ምላሱን ከበደው፤
«ዓለም» ብሎ ጻፈ፣
የተረፈውን ፊደል ብዕሩ ወሰደው።
ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲስተር ዓለም ተባለች፤
ኋላ አማርኛ ስትለምድ፣
«ከሰው ወደ ዓለም አሳደገኝ» አለች።

አባቴ የሒሳብ መምህር፣ ፖሊ ተቀጥሮ፣
እሷን ከኬረላ፣ ከውኃ ወደ ውኃ አመጣት አሻግሮ።
አንድ ሻንጣ ይዛ፤
ነጭ የሥራ ልብስ፣ የነርስነት ወረቀት፣
እናቷ በጨርቅ የቋጠረችው እርድ መንገድ ላይ ተፈቶ፣
ነጩን ልብስ በሙሉ በቢጫ ቀብቶ።
ባሕር ዳር የገባች እንዲህ ነው፤ ቢጫ ሆና።
የሆስፒታሉ ዘበኛ ከላይ እስከ ታች አያትና
«አደይ በሐምሌ ፈነዳ» አለ ይባላል።

ቋንቋ አታውቅም። ሰላምታው ረዥም፤
«ደኅና ነኝ» ትላለች ሳይጠይቋትም።
እሁድ ጊዮርጊስ ሄዳ
ከሴቶቹ መሀል ትቆማለች ዝም።
ስቅለት ዕለት ግን፣
ሕዝቡ ሲሰግድ ውሎ፣ ጀርባው በላብ ርሶ፣
አንድ ቃል ሰማች፣ ከዚያ ሁሉ ድምፅ ተለይቶ ደርሶ፤
ኪርያላይሶን።
እናቷ በኩራዝ ብርሃን ምንጣፍ ላይ የምትለው፣
የልጅነቷ የማታ ቃል ነው።
ሰው ሁሉ ሲነሣ እሷ ግንባሯ መሬት ላይ ቀረ።
«ይቺ ህንድ ኃጢአቷ ስንት ነው?» አለች
አጠገቧ ያለች ሴት፤ ያልጋነሽ ነች፣
ኋላ አበልጇ የሆነች።

መስከረም ሲጠባ፣ ውኃው ሲተኛ በየጉድጓዱ፣
ወባ ነው፤ አልጋ ሞልቶ ሁለት ሁለት ሆነው ባንዱ።
ከዘጌ በታንኳ ምጥ የያዛት መጣች፤ መብራት የለም ማታ፤
እናቴ ባትሪውን በብብቷ ይዛ፣ በጉልበቷ ተደፍታ፣
«አይዞሽ» ማለት ፈልጋ «አይዞህ» አለቻት። ሴቲቱ
ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ወጣች ሕፃኒቱ።
ዓለም አሏት። ዘጌ ዛሬ ስንት ዓለም አለ!

ቤት ስትገባ እጇ ዴቶል ዴቶል ይላል።
ጣና ዳር ማንጎ አለ፣ ፓፓያ አለ፣ ኮኮናት ግን የለም፤
ያለሱ ወተት ዓሣ ዓሣ አይሆንላትም።
አንድ ዓርብ ያልጋነሽ ሱፍ ወቅጣ፣ ጨምቃ፣
ነጩ ሲወርድ አየች፤ ዘለለች እንደ ልጅ ቦርቃ።
ፍልሰታ ሲፈታ ቀረሶ ገዝታ
በሱፍ ወተት ሠራችው፣ እርድ ነስንሳ፣ ቃሪያ ከትታ።
አባቴ ቀመሰ፤ ማንኪያውን አስቀመጠ፤
«ይሄ ውሸት ነው» አለ፤ መረቁን ግን መጠጠ።

የእናቷ ሞት በደብዳቤ መጣ፣ ከአርባዋ በኋላ።
አንብባ አጠፈችው። ምሳችንን ሰጠችን፣ እሷ ግን ሳትበላ
በብስክሌቷ ሄደች፤ ተረኛ ነበረች።
ሌሊቱን መርፌ ስትወጋ አደረች።
ለማን ታልቅስ? እዚህ ያቺን አሮጊት ማን ያውቃታል?

ጧት ስትመለስ በራችን ላይ ድንኳን።
ያልጋነሽ ወገቧን ታጥቃ ወንበር ታስቆጥራለች።
እናቴ ብስክሌቷን እንደያዘች፣ «ማን ሞተ?» አለች።
«እናትሽ!» አለቻት በቁጣ። «ስንት ዓመት ከፍለሽ፣
ዕድር መንገድ የሚለካ መሰለሽ?»
(የነገርኳት እኔ ነኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር።)
አልቃሾቹ ስም ጠየቁ፤ «ማርያማ» አለች።
ስሙን አልተቸገሩበትም።
ያላዩዋትን ሴት ሦስት ቀን ሙሉ አለቀሱላት፤
አንዷማ «ደግነቷስ!» ብላ መሰከረች፣
ከየት እንዳመጣችው እንጃላት።

አሁን ሰባ አልፏታል። ጉልበቷን ስላመማት ብስክሌቱን ሸጠች።
እንቦጭ ጣናን ሲወር ግን ለነቀላ ወጣች።
ሰው «ይሄ መጤ አረም!» እያለ ሲረግም፣ እሷ አንዱን ነቅላ
ሐምራዊ አበባውን ቆማ አየችው፣ «አውቅሃለሁ» ብላ።
«ልጅ ሆኜ፣ በኛ ቦይ፣ በፀጉሬ ሰክቼሃለሁ።
እኔ ተጠርቼ መጣሁ፤
አንተን ማን ጠራህ?»
ብላ ወረወረችው።

ማታ እግሯን በሙቅ ውኃ ሳጥብ፣ «እማዬ፣ አገርሽ የት ነው?» አልኳት።
«መጀመሪያ ጭቃው ይልቀቅ» አለች።
ከዚያ ለጸሎት ተነሣች፣ ግድግዳ ይዛ።
ወደ ምሥራቅ ነው የምትዞረው፤ ሥርዓቱ ነው።
ኬረላም በዚያው በኩል ነው።
የትኛውን እንደምታይ አልጠየቅኳትም።