አይፋቅ፣ አይሰረዝ

ከሆስፒታሉ ሥር፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን፣
መስኮት የሌለው ክፍል ተሰጥቶን፣
ሌሊት ሌሊት ነበር፣ ቤርሳቤህ ስትተኛ፣
የበሽተኛን ፋይል የምናራግፍ እኛ፤
የሽቦ ስፌቱን በጥፍራችን ፈትተን፣
ቅጠል በቅጠል ለማሽኑ ዓይን ሰጥተን፣
እስኪነጋ።

የዚያን ጊዜ ዲስክ ኪስ የሚገባ አልነበረም፤
ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ በአንድ እጅ አይነሳም፤
በፕላስቲክ ሰገባው ውስጥ፣ የከበሮ አፍ ያህል የሰፋ፣
መብራት ሥር ሲያዘነብሉት ቀስተ ደመና የሚተፋ።

ኤልካና ከሃይፋ መጥቶ፣ ማሽኑን ተክሎ ሲጨርስ፣
ካርቶን ላይ ቁጭ ብሎ አስረዳን፣ ሻዩ እስኪደርስ።
«ሌዘር መርፌ ነው» አለን፣ «ከብርሃን የተሳለ፤
ጠባሳ ነው የሚጽፈው፣ ቀለምማ የት አለ!
አንዴ ከወጋ ወጋ ነው፤ አይፋቅ፣ አይሰረዝ፤
መቶ ዓመት ይቆያል፣ ሳይሻግት፣ ሳይደበዝዝ።»
«መቶ ዓመት!» አለች ዚቫ፣ ሲጋራዋን እያጠፋች፣
«የኔ ጋብቻ ሰባት ነው የቆየው» ብላ ሳቀች።

እኔ አባቴን አሰብኩ።
ወገራ ሳለን ቀጥቃጭ ነበር።
ማጭድ ቢጣመምበት መልሶ ከእሳት ይጥለዋል፤
«ፍም ካለ» ይል ነበር፣ «ስህተት ሁሉ ይቃናል።»

በሰማንያ ሰባት የካቲት፣ ከካርቶን ክምር መሐል
የእሱ ፋይል መጣ፤ ዓይኔ ከእጄ ቀድሞ አውቆታል።
ስም፦ «ካሳላ»።
አየር ማረፊያ የተቀበለን ጸሐፊ፣ እንቅልፍ የጣለው፣
«ቀፀላ» ቢሉት እንዲያ ሰማ፣ እንዲያ ጻፈው፤
የሱዳኑን ከተማ ስም፣ ጥላ ያጣንበትን፣
እናቴን ያለ መቃብር ድንጋይ የተውንበትን።
ነርሷ ከበር ላይ «ካሳላ!» ብላ በጠራችው ቁጥር
አባቴ ይነሳል፣ ከወንበሩ፤ ሌላ ነገርም ይነሳል፣ ከአፈር።

የልደት ቀን፦ ዜሮ፣ ዜሮ።
«በአንበጣው ዓመት፣ ጤፍ ሳይታጨድ» ብሎ ነበር ያን ዕለት፤
ቅጹ የአንበጣ ቦታ የለው፣ በዜሮ ሞሉት።

ላርመው ነበር፤ ጣት ግን የልማድ ሎሌ ነው፤
አስገባሁት። አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ። በቃ፣ ተወጋ፣ ያው።
ይህኛው እሳት ስህተትን አያቃና፤
እንደገባ ነው የሚያጸና።

በማግስቱ ለኤልካና ደወልኩ።
«ማጥፋት? አይሆንም» አለ። «ከጎኑ ግን ሌላ መጻፍ ትችያለሽ፤
ማሽኑ የኋለኛውን ያነባል፤ የፊተኛው ከሥር ይቀራል፣ አይታይሽ።»
ማታውን ተቀመጥኩ። «ቀፀላ ይርጋ» ብዬ፣ ፊደል በፊደል፤
የልደቱ ቦታ ከቁጥር በቀር ሌላ ስለማይቀበል
ከማስታወሻው መስመር ላይ «የአንበጣ ዓመት» ጨመርኩ።
ዚቫ ከኋላዬ ቆማ አየች።
«ሲጋራ ልግዛ» ብላ ወጣች፤
በዚያ ሰዓት ሱቅ እንደሌለ እያወቀች።

ማሽኑ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ሞተ፤ መለዋወጫ ጠፋ፤
ኤልካናም ቢደወልለት «ተዉት» አለ፣ እየተከፋ።
ወረቀቱ ድሮ ተከትፏል። ዲስኮቹን ሊጥሉ ሲሉ
አንዷን ውሰጂ አሉኝ፣ «ምን ልታደርጊባት?» እያሉ።

አባቴ ያኔ የለም።
ዲስኳ ከመሳቢያዬ፣ ከመዶሻው እጀታ ጎን ትተኛለች፤
የሚያነባት ማሽን የለም፤ ያወቀችውን ግን ታውቃለች፤
ካሳላና ቀፀላ፣ ፀጉር በማያስገባ ርቀት፣
ሁለቱም ጠባሳ፣ ሁለቱም የአንድ እሳት።

አንዳንድ ማታ አውጥቼ ከኩሽና መብራት ሥር አዞራታለሁ፤
ቀዩ ይመጣል፣ አረንጓዴው፣ ወይን ጠጁ፤ ዝም ብዬ አያለሁ።
የትኛው ቀለም አባቴ እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም።