አርባ አንደኛዋ ድንጋይ

ጠመኔ በእጄ ነው፣ መዝገብ በብብቴ፣
ዝናብ እያካፋ ወጣሁኝ ከቤቴ።
የማዘጋጃ ቤት ትእዛዙ አጭር ነው፦
«የላላውን ድንጋይ በእግርህ ፈልገው፣
ካገኘህ ክበበው፣ ቁጥር ስጠው» የሚል።
ሳንቲያጎ ከተማ እንዲህ ቀላል ይመስል!

ከካቴድራሉ ግርጌ ጀመርኩ፣ ከደረጃው ሥር፣
ሁለቱ ማማዎች ጉም ለብሰው ባደሩበት ሰፈር።
ድንጋዩ ግራጫ፣ ሰማዩ ግራጫ፣
መሃሉ ላይ እኔ፣ በቢጫ ዝናብ ልብስ፣ የሰው መቀጣጫ።

መንገድን በተረከዝ እንጂ በዓይን ማን ያየዋል?
የጸናው ዝም ይላል፣ የላላው ያወራል።
አንዱ ይንገጫገጫል እንደ አሮጌ መንጋጋ፣
አንዱ ውሃ አቁሮ ያደባል እስኪነጋ።

አንድ ብዬ ጻፍኩኝ ጫማ ሠሪው በር ላይ።
ሁለት፣ ከምንጩ ዳር።
ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ወይን ቤቱ ደጃፍ፣
በርሜል ሲያንከባልሉ ሰብረዋቸው በሰልፍ።
ዘጠነኛው መሃሉ እንደ ሳህን ተበልቷል፤
ስንት ዘመን፣ ስንት ተሳላሚ ረግጦታል?

ተሳላሚዎቹ ዛሬም ይመጣሉ፣
ጉልላት ጉልላቱን አንጋጠው ያያሉ።
ስንት መቶ ኪሎ ሜትር ተሸክማ ያመጣቻቸውን
ጎንበስ ብሎ ያመሰገነ የለም ምድሪቱን።
እኔ ግን ጎንበስ ነኝ፤ አንገቴ ደንድኖ፣
ጉልላቱን የማውቀው ኩሬ ውስጥ ሆኖ፣
ተገልብጦ፣ ጠብታ ሲበታትነው፣
ደግሞ ሲሰበሰብ፣ አንድ ጫማ እስኪያልፍበት ነው።

ዐሥራ ሰባት። ሃያ። ቅስቶቹ ሥር ገባሁ፤
ጠባብ ነው፤ ግማሽ ትከሻዬን ለዝናብ ሰጠሁ።
የገበያው ሴቶች ጎመን በቅርጫት፣
አይብ በጨርቅ ጠቅልለው ሲያልፉ በፍጥነት፣
አንዷ «ምን ትቆጥራለህ? ኃጢአትህን ነው?» አለችኝ፤
«ያንንማ ብጀምር ጠመኔም አይበቃኝ።»

አርባኛውን ጽፌ ቁልቁል ስንደረደር፣
ሰማያዊ ቀለም ከተቀባ በር
ፊት ለፊት፣ አንዲት ድንጋይ ቀጭ ብላ ከዳችኝ፣
ያጠራቀመችውን ጭቃ ውሃ እስከ ጉልበት ረጨችኝ።

ከውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ በሩ ገርበብ ብሎ
አንድ ያረጀ ፊት ወጣ ሽበቱን ጠቅልሎ።
ኤርሚንዳ ትባላለች። ጠመኔዬን አይታ
ሳቋን ዋጥ አድርጋ በቤት ጫማ ወጣች፣ ዝናቡን ረስታ።

«ይህቺን አትጻፋት።» «እናቴ፣ ሰው ይወድቃል።»
«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ረጥቧል እንጂ ማን ወድቋል?

ባሌ ፉኮ ድንጋይ አንጣፊ ነበረ፤ ይህን ሁሉ መንገድ
ተንበርክኮ ነው የሠራው፣ በቁመት በወርድ።
ሁሉንም አጥብቆ አንዷን ሆን ብሎ አላላት፤
በራፋችን ያለችውን፣ አሸዋዋን ነፍጎ ተዋት።
‹ቀኑን ሙሉ ስደበድብ ውዬ ማታ በር አላንኳኳም፤
ቀጭ ስትል ሾርባውን ጨልፊ፤ ሌላ ምልክት የለንም።›
ሌላው ሰው አንዴ ነው። እሱ ሁለቴ ነበር።
ቀጭ፣ ቀጭ።»

«ታዲያ አሁንስ?» አልኩኝ። ጠይቄም አፈርኩኝ።

«አሁንማ ሁሉም አንዴ ይረግጣትና ያልፋል።
እኔ ግን ቢላዋዬን አቁሜ
ሁለተኛውን ድምፅ እጠብቃለሁ፣ ትንሽ።
ከዚያ ድንቼን መላጥ እቀጥላለሁ።»

ጎንበስ አልኩ። ክቡን ጀምሬው ነበርና
ግማሽ ጨረቃ ላይ እጄ ቆመና፣
የቀረውን ሥራ ዝናቡ ሠራልኝ፤
በነጭ ጅረት አጥቦ ወደ ቦዩ ወሰደልኝ።

መዝገቤ ላይ ከአርባ ቀጥሎ አርባ ሁለት ይላል።
አለቃዬ በጣቱ መታ መታ አድርጎት፣ «አንዱ የታል?»
«ቆጠራ ስቼ ነው።»
                    ቀና ብሎ አየኝ፤ ዝም አለ።

ማታ በዚያው ተመለስኩ። መብራቱ በረጠበው
ድንጋይ ላይ ፈሷል፤ ደወሉ ስምንት ብሎ ያበቃ ነው።
በቀኝ እግሬ ረገጥኳት።
ቀጭ።
ከሰማያዊው በር ኋላ የቢላዋው ድምፅ ቆመ።

ግራ እግሬን አየር ላይ ይዤው ቆየሁ።
ከዚያ የጸናው ድንጋይ ላይ፣
ዝም በሚለው ላይ፣
ቀስ ብዬ አሳረፍኩት።

ጫማዬ ግን ውሃ ሞልቶት ነበርና
እስከ ቤቴ ድረስ ቸፍ ቸፍ እያለ አጀበኝ።